ሞተር ሲፈላ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ወፍጮ ቤት ሚዛን ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ መኪና ሞተር እንጽፋለን። ሞተር ለምን ይፈላል? ሲፈላስ ምን ይደረጋል? ምንስ አይደረግም?

«እኛ መኪና የለን፤ ይኸ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አላችሁ። በክፍላችንም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። መኪና ባይኖራችሁም በመኪና ትሄዳላችሁ። ገበያ የምትወጡት፣ እህል የምትጭኑት፣ በሽተኛ የምታደርሱት በመኪና ነው። ልጆቻችሁ ረዳት ሆነው ይቀጠራሉ። ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አይሱዙ የገዛ ገበሬም አለ። ቤታችሁ ከመንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብስባችኋል። መኪና ፈልቶ በቆመ ቁጥር፣ ባዶ ጀሪካን ይዞ ደጃችሁ የሚቆመው ረዳቱ ነው።

በሰሜን ጎንደር ሞተር የሚፈላበትን ቦታ ማንም ያውቀዋል። ከጎንደር ከተማ እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደጋ ለደጋ ይሄዳል። ከደባርቅ አለፍ ሲል ግን መሬቱ ድንገት ይቋረጣል። ከታች የዛሪማ ቆላ ይታያል። ያ ገደል ሊማሊሞ ነው። መንገዱን የቀደደው ጣልያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ በቆየበት ጊዜ። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የጫነ መኪና ይህን ዐቀበት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። ሞተሩ በኃይል ይሠራል፤ መኪናው ግን ቀስ ይላል። ቀስ ስለሚል ነፋስ አያገኝም። የሚፈላውም ያን ጊዜ ነው።

ሞተር ነዳጅ እያቃጠለ ይሠራል። ነገር ግን ከነዳጁ ሙቀት ጎማውን የሚያዞረው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ሲሶ ብረቱን ያግለዋል። ሲሶ ማለት ምን እንደሆነ ለገበሬ አናስተምርም! ይህን የቀረውን ሲሶ ከብረቱ ላይ ወስዶ ወደ ውጭ የሚጥለው ውሃ ነው። ውሃው ካልወሰደው ብረቱ ይጣመማል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ይነክሳል። ሞተር ነከሰ ማለት የአንድ መኪና ዋጋ እኩሌታ ሄደ ማለት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። የናፍጣ ወፍጮ ያያችሁ ሁሉ ከሞተሩ አጠገብ የቆመውን የውሃ በርሜል አይታችኋል። ከሞተሩ ወደ በርሜሉ ሁለት ቱቦዎች ይሄዳሉ። አንዱ ከላይ ነው፤ አንዱ ከታች። በሞተሩ ውስጥ የሞቀው ውሃ ይቀልላል። ስለዚህ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል። በበርሜሉ ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ይከብዳል። ስለዚህ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይገባል። ማንም ሳይገፋው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲዞር ይውላል።

መኪና በርሜል ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። በበርሜሉ ፈንታ ከፊት ለፊቱ ራዲያተር አለው። ራዲያተር ማለት ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት፣ በመካከላቸውም ስስ ቆርቆሮ የተጣጠፈበት ዕቃ ነው። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ነፋሱ በቆርቆሮው መካከል ያልፋል፤ ሙቀቱንም ይወስዳል። ነፋሱ እንዲበረታ ከኋላው ማራገቢያ ይዞራል። ውሃውንም የሚገፋው ፖምፓ አለ። ብዙ ጊዜ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ ነው። በበርካታ የጭነት መኪናዎች ማራገቢያውም የሚዞረው በዚሁ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ከተበጠሰ ውሃው ይቆማል፤ ነፋሱም ይቆማል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። ፖምፓ፣ ቺንጋ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ከለመዳሪ የሚሉት ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። ጣልያን ከጎንደር ከወጣ ብዙ ዘመን ሆነው። አባቶቻችን ኤንትሬ ይሉት የነበረው የፊያት የጭነት መኪናም ከመንገዱ እየጠፋ ነው። ቃላቱ ግን ከጋራዥ አልወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ይኸውም የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከእጅ መዳፍ ያነሰ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሲጠፋ ጨርቅ ይወትፉበታል፤ ወይም ፌስታል አስረውበት ይሄዳሉ። በደጋ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ያፈላል። እንዴት?

ውሃ በባሕር ዳርቻ፣ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ፣ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በጎንደር ከተማ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደባርቅ በ91 ገደማ። በራስ ዳሸን ራስ ላይ በ85 ገደማ። እናቶች ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ቆላ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ ደጋ ላይ ይዘገያል። ውሃው ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ባቄላው ቶሎ አይበስልም።

ጤነኛ ሞተር ሲሠራ የውሃው ሙቀት ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ አስቡት። ክዳኑ ጨርቅ ከሆነ፣ ደባርቅ ላይ ውሃው የሚፈላው ሞተሩ ምንም ሳይታመም በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው! ክዳኑ ደህና ከሆነ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም። በክዳኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ፈልጉ። 0.9 ወይም 1.1 የሚል ታገኛላችሁ። ክዳኑ ምን ያህል ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ የሚናገር ቁጥር ነው። ባለ 0.9 ክዳን ደባርቅ ላይ ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስለዚህ ክዳን ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ያነሰ ከሆነ ቶሎ ይፈላል። ቁጥሩ የበለጠ ከሆነ ደግሞ ያረጀ ቱቦ ያፈነዳል። ባለ ሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

ነገር ግን ሞተሩን የሚያድነው ይኸው ክዳን ሰውን ያቃጥላል። ያየነውን እንንገራችሁ።

በጥር ወር እኛ ሁለት አስተማሪዎች ከዛሪማ ወደ ደባርቅ በጭነት አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ስንመጣ ነበር። ከላይ ማሽላ ተጭኗል፤ ሰውም ተጭኗል። ከዐቀበቱ አጋማሽ ሳንደርስ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር መውጣት ጀመረ። ሹፌሩ ጠርዝ ይዞ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ከጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ አደረገ። ዕድሜው 16 ቢሆን ነው። ወዲያው መክፈቻውን አንሥቶ፣ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ወደ ክዳኑ ሄደ።

አብረውን የተሳፈሩ አንዲት እናት ነበሩ። ደባርቅ አረቄ እያወጡ የሚተዳደሩ ናቸው። ከላይ ሆነው ጮኹ። «ተው ልጄ! የታፈነ ነገር ሲፈላ አይከፈትም! ተው እኮ ነው የምልህ!» አሉት። ልጁ ሣቀ። «እማማ፣ ይኸ አረቄ አይደለም፤ መኪና ነው» አላቸው። ክዳኑን አንድ ጊዜ አዞረው። ከዚያ በኋላ ያየነው ነጭ እንፋሎት ብቻ ነው። ድምፁን ሰማን። እንፋሎቱ ሲገልጥ ልጁ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን ይዞ ነበር። አንገቱም ነክቶታል።

እማማ ትክክል ነበሩ። በታፈነው ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ገና ሳይፈላ ነው የሚቀመጠው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ውሃው ባንድ ቅጽበት ይፈላል፤ ጥቂቱም እንፋሎት ሆኖ የቀረውን የፈላ ውሃ እየገፋ ይወጣል። ጨርቅ አያቆመውም። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን በመጽሐፍ ተምረነዋል። መኪናው ላይ ሆነን ግን አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም።

ከዚያም ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ ቅቤ አምጡ አለ። አንዱ የጥርስ ሳሙና ከከረጢቱ አወጣ። አንዲት ሴት ሊጥ ይሻላል አለች። እኛ ያን ጊዜ ነቃን። መኪናው ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነበር። አወረድንና በጣሳ እየቀዳን ቀስ እያልን በልጁ ክንድና አንገት ላይ ማፍሰስ ጀመርን። ሹፌሩ ተቆጣ። «ያ ውሃ እኮ የመኪናው ነው! እዚህ ገደል ላይ ልታሳድሩን ነው?» አለ። አልተመለስንለትም። ትንሽ ቆይቶ ልጁን አየና ዝም አለ። ጣሳውንም ከእጃችን ተቀብሎ እርሱ ራሱ ማፍሰስ ቀጠለ።

ይህን ያዙልን። በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት የተቃጠለ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማፍሰስ ነው። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። የተጣበቀ ልብስ ግን አይሳብ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ አይቀባ። እነዚህ ሙቀቱን ሥጋው ውስጥ ያስቀሩታል፤ ቁስሉንም ያመረቅዙታል። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። በታጠበ ነጠላ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ።

ጀሪካኑ አለቀ። መኪናው ያለ ውሃ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከታች ከምንጭ መጣች። ውሃውን ለቤቷ ነው የያዘችው። ሹፌሩ ለመናት። እርሷም «ለልጁ ነው ወይስ ለመኪናው?» አለች። ሹፌሩ «ለመኪናው» አለ፤ አልዋሸም። ሴትየዋ መጀመሪያ በልጁ ክንድ ላይ አንድ ጣሳ አፈሰሰች። ከዚያ ግማሹን ለመኪናው ሰጠች፤ ግማሹን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

እንግዲህ ሞተር ሲፈላ ምን ይደረግ? በሹፌሩ ፊት ያለውን የሙቀት መርፌ እዩ። በአንድ ጫፍ የእንግሊዝ ፊደል ሲ አለ፤ የተቆረጠ ቀለበት ትመስላለች። ብርድ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ኤች አለ፤ ባለ አንድ መወጣጫ መሰላል ይመስላል። ሙቅ ማለት ነው። መርፌው ወደ መሰላሉ ሲጠጋ ሹፌሩ ለቆ መቆም አለበት። መቆሚያ እስኪያገኝ ድረስ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ይክፈት። ሰው ያልበዋል፤ ግን ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ ሞተሩን ያግዘዋል። ከቆመ በኋላ እንፋሎት የማይወጣና ውሃ የማይፈስ ከሆነ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳያጠፋ በቀስታ ያዙረው። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው ያጥፋ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ በጥንቃቄ ዳስሱ። በባዶ እጅ ጨብጣችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ ክዳኑን አትንኩ። አንዳንድ መኪና ከጎን ባለ መስመር የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። እርሱም የታፈነ ሊሆን ስለሚችል እንደ ክዳኑ ቍጠሩት። ተሳፋሪውም ሹፌሩን አያጣድፈው። «ኧረ መሸብን፣ ክፈተው!» ብሎ የሚጮኸው ተሳፋሪ ነው ብዙ ጊዜ።

ከቀዘቀዘ በኋላም ውሃ በብዛት አይደፋም። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፉ ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። የሞተር ብረትም እንደዚያው ነው። ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ በቀስታ እየዞረ ሳለ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። የታሰረው አየር እየቦለቀ ይወጣል፤ ውሃውም ይወርዳል። እንደገና ትጨምራላችሁ። መቦልቀሉ ካልቆመ፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ የሚበዛ፣ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ከሆነ፣ ነገሩ የውስጥ ነው። እርሱ የመካኒክ ሥራ ነው፤ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

ውሃው የጐደለበትን ምክንያት ካላገኛችሁ ግን መሙላት ከንቱ ነው። መጀመሪያ ቱቦዎቹን እዩ። የጎማ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ፣ ማሰሪያው ባለበት ነው። ይህ ቀላል ነው። ማሰሪያውን በካቻቢቴ ፈቱ፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቍረጡ፤ ቱቦውን ወደፊት ገፍታችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ቱቦው ርዝመት ካለው እንደ አዲስ ይሠራል። የተሰነጠቀው መሐሉ ላይ ከሆነ ግን ይከብዳል። ቱቦውን በደንብ አድርቁ። ከአሮጌ ከለመዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ጠፍር ቍረጡ። እየለጠጣችሁ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረባችሁ ጠቅልሉት። በሁለቱም ወገን በሽቦ እሰሩት። ግፊቱ እንዳይገነጥለው ክዳኑን ሳታጠብቁ፣ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት። ግን ቅድም ያልነውን አስታውሱ። ክዳኑ ካልጠበቀ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በዚህ ጥገና ቁልቁል ወይም ሜዳ ለሜዳ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ጭነት ይዞ ሊማሊሞን መውጣት ግን አይቻልም። ጭነቱ ይውረድ፤ ወይም መኪናው ይደር።

ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ከረገበ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። የተሰነጣጠቀ ከሆነ ሳይበጠስ ይለወጥ። ሊማሊሞ የሚወጣ ሹፌር መለዋወጫ ቺንጋ ከሌለው መንገድ ባይጀምር ይሻለዋል። ይህን ስትነኩ ሞተሩ ይጥፋ፤ ነጠላና ጋቢም ይሰብሰብ።

ቱቦውም ቺንጋውም ደህና ሆነው የሚፈላ ከሆነ የራዲያተሩን ፊት እዩ። በመኸር ጊዜ እብቅና ገለባ ይደፍነዋል። በበጋ አቧራ፤ የጭቃ ጊዜ ጭቃ። ነፋስ ካላለፈበት ራዲያተሩ ግድግዳ ነው ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ውሃ እያፈሰሳችሁ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ቆርቆሮው ስስ ነውና በእንጨት አትጎርጕሩት። ራዲያተሩ ራሱ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ፣ ደረቅ ሳሙና ከውጭ አጥብቆ ማሸት እስከ ጎንደር ሊያደርስ ይችላል። ጎንደር ከደረሰ ጋራዥ ይበየዳል። እንቁላል ወይም ዱቄት ውስጡ የሚጨምሩም አሉ። ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ውሸት አይደለም። ችግሩ ደህናዎቹንም ቀጫጭን ቱቦዎች መድፈኑ ነው። እኛ አንመክርም።

ስለ ውሃውም ጥቂት እንበል። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ በውስጡ የሟሟ ድንጋይ አለበት። ውሃ ዘወትር የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩ፤ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ያው ቅርፊት በራዲያተር ውስጥ ይጋገራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የክረምት ዝናብ፣ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ የወረደው፣ ከምንጭ ውሃ ይሻላል። ሌላ ከሌለ የወንዝ ውሃም ይገባል፤ ግን በነጠላ ይጠለል፤ አገር ሲገቡም ይለወጥ።

በስሜን ተራሮች ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው መንገድ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። በሞተር ውስጥ ከሰፋ ወፍራሙን ብረት ይሰነጥቃል። ስለዚህ እዚያ የሚያድር መኪና በውሃው ውስጥ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሊኖረው ይገባል። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ በጀሪካን የሚሸጠው ነው። ውሃውና ፈሳሹ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ ውርጩን ይችላል፤ ዝገትንም ይከላከላል።

ይህ ፈሳሽ ግን መርዝ ነው። ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ውሻ ይልሰዋል፤ ጥጃ ይጠጣዋል፤ ሕፃን ይቀምሰዋል። ጥቂቱ ኩላሊትን ገድሎ ይገድላል። ከመኪና ሲቀዳ መሬት ላይ አይፍሰስ፤ ወንዝ ዳርም አይደፋ። ባዶ ጀሪካኑን እጥበት ያጸዳዋል ብላችሁ ለውሃ ወይም ለጠላ አትውሰዱት። ገበያ ላይ ሽታ የሌለው ንጹሕ የሚመስል ጀሪካን ስትገዙ ከላዩ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል እዩ። የሙት ራስ ቅል ካለበት ተዉት።

ያ ረዳት በሳምንታት ውስጥ ዳነ። ክንዱ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል። ደባርቅ ሲያድር ማታ ማታ ወደ ክፍላችን ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን የራዲያተሩን ክዳን በኪሱ ይዞ መጣ። «ይኸ ጽሑፍ ምን ይላል?» አለን። በእንግሊዝኛ «ሲሞቅ አትክፈት» ይላል አልነው። ክዳኑን አገላበጠው። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስይዘው ነበር» አለ።

ባለፈው ሰሞን መኪናው ክፍላችን አጠገብ ቆሞ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየን። በውስጥ በኩል፣ ከክዳኑ በላይ፣ በቀይ ቀለም ጽፎበታል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ «ቅ» ትንሽ ዘምማለች። «ሲሞቅ አትክፈተኝ» ይላል። «አይከፈትም ነው የሚባለው» አልነው። «አይ፣ ራዲያተሩ ነው እኮ የሚናገረው» አለን።